ባለ መስመሩ ብርድ ልብስ፣ የአያት ኪሮሽና የነርሷ ትዕዛዝ

በያለንበት የስደት ከተማ አራስ ልንጠይቅ ስንገባ፣ ከገንፎውና ከአጥሚቱ ቀጥሎ ዓይናችን የሚያርፍበት ሌላ ነገር አለ። ሶፋው ጥግ ላይ ከሀገር ቤት ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡ እናት ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ዕለት በዕለት ርዝመቱ የሚጨምር ባለ ቀለም ብርድ ልብስ፣ እግራቸው ሥር ደግሞ የሚንከባለል ክር ይታያል። እኚህ እናት የሀገሩን ቋንቋ አያውቁ ይሆናል፣ መኪና አይነዱም፣ ውጪው በረዶ ከሆነም ከቤት መውጣት የለም። አንድ ኪሮሽና አራት አምስት ቀለም ክር ከተገኘላቸው ግን፣ በቤቱ ውስጥ ማንም የማይነጥቃቸው ሥራ አላቸው።

ጣጣው የሚመጣው ብርድ ልብሱ ያለቀ ዕለት ነው። አያት በደስታ ተነስተው የተኛውን ሕፃን ሊያለብሱት ሲሉ ልጃቸው እጃቸውን ትይዛለች። «እማዬ፣ ነርሷ ሲተኛ ምንም እንዳይደረብበት ብላለች።» እማዬም ይቆጣሉ። «እናንተን ስድስታችሁን በምን ያሳደግኳችሁ መሰለሽ?» ከዚያ ወዲያ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ብርድ ልብሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ይገባና እናት ተቀይመው ይከርማሉ፤ ወይ ደግሞ ፊታቸው እንዳይከፋ ሲባል ብቻ ሕፃኑ አልጋ ላይ ይደረባል። የመጀመሪያው ያሳዝናል። ሁለተኛው ግን አደገኛ ስለሆነ ነገሩን በይሉኝታ ልናልፈው አልወደድንም።

የነርሷ ትዕዛዝ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ በ1994 በጀርባ የማስተኛት ሀገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፍ ላይ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ ብቻ በዓመት 3,500 ያህል ሕፃናት ከእንቅልፍ ጋር በተያያዘ ሁኔታ ይሞታሉ። አካዳሚው በ2022 ያደሰው መመሪያ፣ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሚተኛበት አልጋ ላይ ልቅ ብርድ ልብስ፣ ትራስና ለስላሳ መጫወቻ አይኑር ይላል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። አራስ ልጅ ፊቱ ላይ የወጣበትን ልብስ ገፍቶ ማንሳት አይችልም፤ ከመጠን በላይ መሞቅም በራሱ አደጋ አለው።

«እኛ ስድስት አሳድገናል» ለሚለውም መልስ ይገባል። ሀገር ቤት ሕፃን ብዙውን ቀን የሚያሳልፈው በአንቀልባ ጀርባ ላይ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ክንድ ላይ ነው፤ በሩ ተዘግቶበት ለብቻው ክፍል አይተኛም። ከዚህም ሌላ፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ተብሎ የተቀበረ ሕፃን ምን እንደገደለው የመዘገበልን ማነው? ያደጉትን ስንቆጥር ያላደጉትን አለመቁጠር ነው የለመድነው።

መውጫው ታዲያ አለ። የአያትን ሥራ ብርድ ልብስ ማለቱን ትተን ማቀፊያ እንበለው። ሕፃኑ ነቅቶ እቅፍ ውስጥ ሲሆን፣ በጋሪ ሲወጣ ፊቱ እየታየ እግሩ ላይ፣ ነቅቶ በሆዱ እየተኛ አንገቱን ሲያጠነክር ደግሞ ወለል ላይ ይነጠፍለታል። በመኪና ወንበር ላይ ከሆነ መጀመሪያ ቀበቶው በሰውነቱ ልክ ይታሰርና ማቀፊያው ከላይ ይደረባል እንጂ ከቀበቶው ሥር አይገባም። አያት ይህን በጊዜ ቢሰሙ ቅር አይላቸውም። እንዲያውም ሲተኛ የማይለብሰው ከሆነ ሲያቅፉት ሁሉ ሊያለብሱት ነው።

ስለ መስመሩ ደግሞ እናውራ። በአሜሪካ ሆስፒታል የተወለደ ልጅ ያላችሁ የመጀመሪያውን ፎቶውን አውጥታችሁ እዩ። ብዙዎቻችሁ ነጭ መደብ ላይ ሮዝና ሰማያዊ መስመር ያለበት ፍላነል ታገኛላችሁ። ሜድላይን የተባለው ኩባንያ ይህንን ጨርቅ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሸጣል። የቱጃሩም የጥገኝነት ጠያቂውም ልጅ ይህችን ዓለም የሚቀላቀለው በአንድ ዓይነት መስመር ተጠቅልሎ ነው። (ልዩነቱ የሚጀምረው ሒሳቡ ሲመጣ ነው።)

ይሁንና ለሕፃን ዓይን ሮዝና ውሃ ሰማያዊ ብዙም አይታዩም። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ይህም በእቅፍ ላይ ሆኖ እስከ እናቱ ፊት ያለው ርቀት መሆኑ ነው። ሮበርት ፋንትዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት ሕፃናት ከልሙጥ ነገር ይልቅ ቅርጽና መስመር ያለውን አተኩረው እንደሚያዩ አሳይቷል። ስለዚህ ደማቅ ቀይ ከነጭ፣ ጥቁር አረንጓዴ ከቢጫ አጠገብ ሲቀመጥ «ኧረ ይሄ ለሕፃን አይሆንም፣ በዛ» የሚሉትን አትስሟቸው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የደበዘዘ ቀለም የሚያስደስተው ገዢውን ነው።

ለቀለም አመራረጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የነጠላ ጥለት ከቁም ሣጥን ይውጣና ይታይ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሰፊውን መስመር ከቀጭኑ እያፈራረቀ፣ በሁለት ደማቅ ቀለሞች መካከል አንድ ጠቆር ያለ ክር እያስገባ ዓይን እንዳይሰለች ያደርጋል። ያንን ቅደም ተከተል በኪሮሽ መድገም ይቻላል። በእኛ ቤቶች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መመረጡም አይቀርም። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ሰልፍ ላይ ሁሉ የሚያከራክረን ባለ ዓርማ ይሁን ወይስ ልሙጥ የሚለው ጉዳይ እዚህ ላይ ራሱን በራሱ ይፈታል፤ በመስመር ሥራ ኮከብ ማውጣት ለጀማሪ የሚሞከር አይደለም። እኛ የምንመክረው ግን ሦስቱን ቀለማት በነጭ ወይም በክሬም እየለዩ መሥራት ነው። አለበለዚያ ልጁ ለሰልፍ የተዘጋጀ ይመስላል።

ሥራው እንዲህ ነው። መለያው ላይ 4 ቁጥር የተጻፈበት መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና የ5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይያዛል። 75 በ90 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ማቀፊያ ከ400 እስከ 500 ግራም ክር ይበቃል። 102 ሰንሰለት ሠርቶ ከኪሮሹ አራተኛው ላይ ደብል ክሮሼ ሲጀመር፣ የታለፉት ሦስቱ እንደ አንድ ተቆጥረው 100 ዓይን ይገኛል። ለንደን ያላችሁ ልብ በሉ! አሜሪካኖቹ ደብል የሚሉትን እንግሊዞቹ ትሬብል ይሉታል፤ ከዋሽንግተን በተላከ መመሪያ ለንደን ላይ የሠራ ሰው ግማሽ ቁመት ያለው ብርድ ልብስ ይዞ ይቀራል። በየረድፉ መጨረሻ ዓይኑን መቁጠር ግዴታ ነው። የጠርዟ አንዲት ዓይን በተረሳች ቁጥር ሥራው እየጠበበ እንደ ቀሚስ ይሆናል።

ቀለም የሚቀየረው ረድፉ ካለቀ በኋላ አይደለም። የመጨረሻው ደብል ሊዘጋ ሁለት ቀለበት ኪሮሹ ላይ ሲቀር፣ አዲሱ ቀለም ተስቦ በሁለቱም ውስጥ ያልፋል። እንዲህ ከሆነ መስመሩ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ይላል። እያንዳንዱ ቀለም ሁለት ሁለት ረድፍ ከተሠራ የክሩ ጫፎች ሁሉ በአንድ ጠርዝ ይሰበሰባሉ፤ 60 ረድፍ ገደማ ሲደርስ 30 መስመር ይሆናል። በየለውጡ 15 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ይተውና በመርፌ ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ ይቀበር። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ እንዳይሰነፍ የምንለው ደግሞ ለውበት ብለን አይደለም። የተንጠለጠለ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት አደጋ ነው። በዚሁ ምክንያት ዘርፍ፣ ቁልፍና የክር ኳስ ይቅሩ፤ ለጠረጴዛ ዳንቴል የሚያምረው ሰፋፊ ቀዳዳም ለዚህ አይሆንም።

ስለ ክሩ ዓይነት ብዙ አንልም። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ በማሽን ይታጠባል፤ እሳት ግን ያቀልጠዋል። ለዱባይና ለሪያድ ጥጥ ይሻላል። ተራ ሱፍ ይሞቃል፣ ማሽን ውስጥ ከገባ ግን ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት ይቀራል። አንድ ቀለም ሲገዛ መለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት ነው፤ ካልሆነ ሁለት ዓይነት ቀይ ይመጣል።

ይህን ሁሉ «የሥራ ፈት ሴት ሥራ» እያሉ የሚያቃልሉ ወንድሞች አሉን። ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ ድንቹን በሽታ መትቶት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅና ከሚሊዮን በላይ ሲሰደድ፣ ብዙ ቤተሰብ ነፍሱን ያቆየው በኪሮሽ ነው። በኮርክ አካባቢ የኡርሱላይን መነኮሳት ሙያውን ያስተምሩ ነበር፤ ክሎነስ በተባለችው ከተማ ደግሞ በ1847 የቄስ ሚስት የሆነችው ካሳንድራ ሃንድ ሥልጠና ጀምራ ከተማዪቱ እስከ ዛሬ በዳንቴሏ ትታወቃለች። ሙያው ከስደተኞቹ ጋር አትላንቲክን ተሻገረ። በእኛም በኩል በደርግ ዘመን እስር ቤት የቆዩትን ጠይቁ፤ ሹራብና ዳንቴል ይሠሩ ከነበሩት መካከል ወንዶችም ነበሩ፣ የሳሙናና የስኳር መግዣም ከዚያ ይገኝ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሰው ኪሮሽ ይዞ የተቀመጠ ሰው አይንቅም።

አንድ ነገር እንጨምር። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራን ግን እስከ አሁን የሚሠራ ማሽን የለም። እንግዲህ ሱቅ ውስጥ በ20 ዶላር የተሰቀለው የኪሮሽ ማቀፊያ የአንድ ሰው እጅ 6,000 ጊዜ ገደማ የተመላለሰበት ነው። ነጋዴው ትርፉን፣ መርከቡ ኪራዩን፣ ሱቁ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ለዚያች እጅ ስንት እንደደረሳት አስሉት። «ከምን አደከመሽ፣ በርካሽ ይገዛ የለም ወይ» ለሚል ሰው ይህ ሒሳብ ይነገረው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለወንድ ልጅ ክርስትና 40፣ ለሴት 80 ቀን አለ፤ የሴት ልጅ አያት እጥፍ ጊዜ አላቸው። በ7ኛው ቀን አቂቃ የሚያወጡ ቤተሰቦች ግን ገና በእርግዝናው ወራት መጀመር አለባቸው። ከሀገር ቤት የሚመጡ እናቶችም ኪሮሹን በእጅ ሻንጣ ይዘው ቢገቡ የአሜሪካ ፍተሻ ይፈቅዳል፤ አሥር ሰዓት በላይ በሚፈጀው በረራ ላይ ብዙ መስመር ይወጣል።

ከመሰጠቱ በፊት ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። ከክሩ ላይ የተነሳው ወረቀት ከስጦታው ጋር ይሰጥ፤ አዲስ እናት በእንቅልፍ ልቧ ሁሉንም ማድረቂያ ውስጥ መክተቷ አይቀርም። ከየቀለሙ ሁለት ሁለት ሜትር ትርፍም አብሮ ይቀመጥ። ልጁ መዳህ ሲጀምርና ማቀፊያውን በየወለሉ ሲጎትት የሚተረተር ጠርዝ አይጠፋም።