የለገሃሩ አንበሳ፦ የሚወራውና የሆነው

ከካዛንቺስ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ዘውድ የደፋውን አንበሳ ያገኘዋል። አጠገቡ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ታሪኩን ቢጠየቁ መልስ አያጡም። ችግሩ መልሱ ብዙ መሆኑ ነው።

በብዛት የሚሰማው “ዳግማዊ ምኒልክ ያቆሙት ነው” የሚለው ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ሲሆን ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ የተመረቀው ደግሞ በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነበር። በወርቅ ቀለም የተለበጠውን ነሐስ የቀረጸው እንስሳትን በመቅረጽ ስሙ የታወቀው ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በዚያ ዘመን ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ከጅቡቲ በባቡር ተጉዞ ወደ ከተማዋ የሚገባው በለገሃር ነበር። ለንግሡ በዓል የመጡት መሳፍንትና የጦር አለቆችም የገቡት በዚሁ በር ነው። ይሁን እንጂ ስሕተቱ ከባዶ አልተነሣም። በሐውልቱ መሠረት ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ፣ ከንግሥት ዘውዲቱና ከራስ መኮንን ጋር የምኒልክም ምስል ተቀርጿል። ዘውድ የደፋው አንበሳም ከዚያ በፊት በምኒልክ የብር ገንዘብ ላይ የነበረ ነው። ስለዚህ “የኃይለ ሥላሴ አርማ ነው” ብሎ የሚዘጋውም ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህን አንበሳ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ያኛው በ1948 ዓ.ም. ለንግሡ 25ኛ ዓመት በዓል የቆመ፣ የሌላ ፈረንሳዊ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። የጣሊያን ወራሪም አልነካውም፤ ያን ጊዜ ገና አልቆመማ።

“ጣሊያን አንበሳውንና የአክሱሙን ሐውልት አንድ ላይ ጭኖ ወሰደ፤ ሐውልቱንም ከቆመበት ገርስሶ ሰባበረው” የሚለው ወሬ ደግሞ እውነቱና ፈጠራው የተጋመደበት ነው። ሁለቱም መዘረፋቸው እውነት ነው። የአክሱሙ ሐውልት ግን ጣሊያን ሲደርስ አልቆመም ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ወድቆ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የተገኘው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ገደማ የሆነው ይህ ድንጋይ ሮም ላይ የቆመው በ1930 ዓ.ም. መባቻ፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ሕንጻ ፊት ነው። ያ ሕንጻ ኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። ያው ወራሪ አዲስ አበባ ላይ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው። ከለገሃር አንበሳውን ነቅሎ ወሰደ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ለራሱ ሰዎች ሰፈር ቆረቆረ።

አንበሳው ሮም ላይ የተቀመጠበት ቦታ ከአወሳሰዱ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት አለ፤ የፈርዖኑ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። ጣሊያኖች ይህን ድንጋይ ያቆሙት በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ ያህል ወታደሮቻቸው መታሰቢያ ነው። ፋሺስቶች ከለገሃር የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ከዚሁ ሐውልት ግርጌ አስቀመጡት። ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነበር፦ የዶጋሊ ደም ተከፈለ ለማለት ነው። ከሁለት አፍሪካዊ አገሮች የተወሰዱ ሁለት ቅርሶች አንድ ላይ ቆመው የጣሊያንን ቂም እንዲናገሩ ተደረገ።

ዘርዓይ ደረስ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንሰማው ታሪክ እንዲህ ይሄዳል፦ ወጣቱ ኤርትራዊ በድል በዓል ላይ ለሙሶሊኒ ጎራዴ እንዲያበረክት ተላከ፤ አንበሳውን ሲያይ ደሙ ፈላ፤ በጎራዴው ፋሺስቶችን አንድ በአንድ ገደለና እዚያው ተገደለ። የገደላቸው ሰዎች ቁጥርም እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ይህ ብቻውን ማስጠርጠር ነበረበት።

የሆነው ሌላ ነው። ዘርዓይ ሮም የገባው በ1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሄደውም ወደ ጣሊያን ለተጋዙ ኢትዮጵያውያን መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ነው። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. ከዶጋሊው መታሰቢያ ሥር ካለው አንበሳ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። የሚያስቆሙት ሲመጡ ጎራዴውን መዘዘ፤ ብዙዎችን አቆሰለ። በጥይት ተመትቶ ተያዘ እንጂ አልሞተም። የሞተም ጣሊያናዊ የለም። መንግሥቱም ለፍርድ አላቀረበውም፤ ዕብድ ነው ብሎ በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ዘጋበት። ባሪያ ያሉት ሰው በሮም መሐል እምቢ ብሎ ጎራዴ መምዘዙን በችሎት ከማስወራት፣ ሕመም ነው ብሎ መሸሸግ ቀለላቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 29 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ሲሲሊ ውስጥ ባርሴሎና ፖዞ ዲ ጎቶ በተባለ ከተማ በዚያው ዓይነት ተቋም ሞተ።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ አራት ዓመት አልፏል። ሲሲሊ ከሙሶሊኒ እጅ ከወጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሙሶሊኒ ራሱ ከሞተ ወራት ተቆጥረዋል። ዘርዓይ ግን ፋሺስቶች የለጠፉበት የሕመም ስም ሳይነሣለት እንደ ተዘጋበት ቀረ። ተረቱ ይህን ነው የሚሸፍነው። እንደ እኔ አምስትና ስድስት ሬሳ መደርደሩ ታሪኩን አላከበረውም፤ እንዲያውም የጣሊያንን ጥፋት አቀለለለት። በግርግር መሐል የተገደለ ጀግና ሐዘኑ ባንድ ቀን ያልቃል፤ ሰባት ዓመት የተቆለፈበት ሰው ግን ቆላፊዎቹን ያስጠይቃል።

“የተዘረፉት ቅርሶች ከነጻነት በኋላ ወዲያው ተመለሱ” የሚባለውም እንዲሁ ነው። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. የፈረመችው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ የዘረፈችውን ሁሉ በ18 ወር እንድትመልስ ያስገድዳታል። አንበሳው ግን የተመለሰው ከረጅም ድርድር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የአክሱሙ ሐውልት ደግሞ ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። የአሥራ ስምንት ወሩ ቀጠሮ ወደ ስድሳ ዓመት ሄደ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው የደርግ ዘመኑ ነው። ዘውድ ያለበትን ሁሉ ያወረደ መንግሥት ይህን አንበሳ “ረሳው” ይባላል። አልረሳውም፤ የንጉሣዊው ሥርዓት ምልክት ነው ተብሎ እንዲነሣ ታስቦ ነበር። አርበኞች ግን እንዳይነካ ጠየቁ። ያቀረቡትም ምክንያት የንጉሡን ክብር ሳይሆን የዘርዓይ ደረስን መታሰቢያ ነበር፤ ጥያቄያቸውም ተሰማ።