የግራንት ጎዳና፦ ላለመነቀል የተሠራ መልክ

በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የቡሽ ጎዳና ጥግ ላይ ባለው የድራጎን በር አልፎ ወደ ግራንት ጎዳና የሚወጣ እንግዳ ጥንታዊ የቻይና ከተማ የገባ ይመስለዋል። ጠርዛቸው ወደ ላይ የተቆለመመ ጣራዎች፣ ቀይና ወርቃማ ሰገነቶች፣ ድራጎን የተጠመጠመባቸው የመብራት ምሰሶዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። በሩ ግን የተመረቀው በ1970 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከ1906 በፊት ሕንፃዎቹም እንደ ሌላው ሰፈር ተራ የጡብ ሕንፃዎች ነበሩ። ይህ መልክ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ አይደለም፤ ከቦታችሁ ልቀቁ የተባሉ ነጋዴዎች የገነቡት ምሽግ ነው።

መንገዱ ያኔ ዱፖንት ይባል ነበር። ቻይናውያን በ1850ዎቹ በካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን እዚያ ሰፈሩ፤ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግድ ሕግ ወጣ። ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ከተማዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና እሱን ተከትሎ የተነሣው እሳት ሰፈሩን አመድ አደረገው። ፍሙ ሳይበርድ የከተማዋ ሹማምንት ቻይናውያኑን ከመሀል ከተማ አንሥተው በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለው ሀንተርስ ፖይንት ለማዛወር አቀዱ።

ዕቅዱ የከሸፈው ርኅራኄ ስለተገኘ አልነበረም። የቻይና መንግሥት ቆንስላውን በቀድሞ ቦታው እንደሚሠራ አስታወቀ። ከቻይናውያን ተከራዮች ዳጎስ ያለ ኪራይ ይሰበስቡ የነበሩ ነጭ ባለርስቶችም ገቢያቸው እንዲቀር አልፈለጉም። ከተማዋም የእስያ ንግዷና ግብሯ ወደ ሌላ ወደብ እንዳይሄድባት ሰጋች።

ሉክ ቲን ኢላይ የተባለው ነጋዴ ይህን ፋታ ተጠቀመበት። ሰውየው ካሊፎርኒያ ተወልዶ ሳለ፣ በ1884 ገና ታዳጊ ሆኖ ከቻይና ሲመለስ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤት ነው በልደቱ አሜሪካዊ ነው ብሎ ያስገባው። አገሬ ነው ብሎ መከራከርን በልጅነቱ የተማረ ሰው፣ ሰፈሩን የሚያተርፈው መልኩ መሆኑን ተረዳ። ጎብኚ የሚስብና ለከተማዋ ገንዘብ የሚያመጣ ሰፈር በቀላሉ አይነቀልም። በግራንትና በካሊፎርኒያ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የቆሙት የሲንግ ቾንግና የሲንግ ፋት መደብሮች የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ ፍሬዎች ናቸው። የነደፏቸው ቻይናዊ ያልሆኑ ባለሙያዎች ስለነበሩ፣ ከላይ የፓጎዳ ማማ ቢጫንባቸውም ከሥር የአሜሪካ የንግድ ሕንፃዎች ናቸው። ሌሎቹም ይህንኑ መልክ ተከተሉ።

ዛሬ የጎዳናው ደቡባዊ ክፍል ሐር፣ ሻይና የሸክላ ዕቃ ለጎብኚ ይሸጣል። የሰፈሩ ሰው ዓሣና ጎመን የሚገዛው ግን ከጎን ባለው በስቶክተን ጎዳና ነው። ከሱቆቹ በላይ አረጋውያንና አዲስ መጤ ቤተሰቦች በጠባብ ክፍሎች ይኖራሉ፤ ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው፣ የታጠበ ልብስም ከመስኮት ውጭ ይሰጣል። አጠገቡ ያለው የባንኮች ሰፈር ሊውጠው በተቃረበበት በ1980ዎቹ፣ የሕንፃ ከፍታን የሚገድብና መኖሪያ ቤቶች በዘፈቀደ እንዳይፈርሱ የሚከላከል ደንብ የወጣው በነዋሪዎች ትግል ነው።

በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው የኤምባርካዴሮ አውራ ጎዳና እንዲፈርስ ሲወሰንም ገበያተኛ ያመጣልን የነበረው እሱ ነው ብለው ነጋዴዎቹ አምርረው ተቃወሙ። መንገዱ በ1991 መፍረስ ጀመረ። በምትኩ ይሠራልን ያሉት የምድር ውስጥ ባቡር ሰፈሩ የደረሰው በ2022 መጨረሻ ነው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ሱቅ ስንት ባለቤት እንደቀየረ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ፣ ለቅርስ ጥበቃ ሲባል ጣራውን ቀለም መቀባት አይበቃም። ነጋዴዎቹ ከ1906 በኋላ ያንን መልክ የሠሩት ሰው በሰፈሩ እንዲኖር ነው። ከተማዋም ጎዳናውን ጠበቅሁ ልትል የምትችለው፣ ከሱቁ በላይ ያለው ተከራይ በአቅሙ ከፍሎ መኖር እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው።