የስኳር ሕመምና ረጅም የብስክሌት ጉዞ፦ ምን ይያዛል? ምን ይቀራል?

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከአስፋልት በወጣ መንገድ ለቀናት ብስክሌት መንዳት ይችላል? የደም ስኳሩ በጥሩ ቁጥጥር ሥር ከሆነና ዝግጅቱን ቀደም ብሎ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ይችላል። ትልቁ ጥያቄ የጓዝ ነው። በጠጠርና በአቀበት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ጉልበት ስለሚጨርስ ማንኛውም ተጓዥ ጓዙን ለማቅለል ይጥራል። እርስዎም ልብስና ዕቃ ይቀንሱ፤ ከኢንሱሊን፣ ከመለኪያና ከስኳር ግን ምንም አይቀንሱ።

እዚህ ላይ ለምሳሌነት የምንወስደው በባሌ ተራሮች ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደውን መንገድ ነው። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከሐረና ደን በታች ያለው ቆላ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። በአንድ ጉዞ ብርድም፣ ሙቀትም፣ ወባም ያጋጥማል።

ከጉዞው በፊት ከሐኪም ጋር የሚነጋገሩባቸው ጉዳዮች

ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሲቀርዎ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

• ዓይን፦ የዓይንዎ የደም ሥሮች በስኳር ምክንያት ተጎድተው ከሆነ ከባድ እንቅስቃሴና የመንገድ ንቅናቄ በዓይን ውስጥ መድማት ሊያስከትል ይችላል። አስቀድመው ይመርመሩ።
• እግር፦ የእግርዎ ስሜት ከቀነሰ የጫማ ፍትጊያ ሳይታወቅዎ ቁስል ይሆናል።
• ልብ፣ የደም ግፊትና ኩላሊት፦ ለከባድ እንቅስቃሴ ብቁ መሆንዎን ያረጋግጡ።
• የኢንሱሊን መጠን፦ ቀኑን ሙሉ ብስክሌት መንዳት ኢንሱሊኑ ይበልጥ እንዲሠራ ያደርጋል። በምን ያህል እንደሚቀነስ ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጥዎ። በግምት አይቀንሱ፤ ጨርሶም አያቋርጡ።
• ወባ፦ በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢ በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ ነው። ስለ መከላከያ መድኃኒትና ስለ አጎበር ይጠይቁ።

በቅርብ ጊዜ ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ስተው ከነበረ ወይም የስኳር መውረድ ምልክት የማይሰማዎት ከሆነ ጉዞውን ያራዝሙ።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ በየሳምንቱ ርቀቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ከመነሻው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ሙሉ ጓዝዎን ጭነው፣ ከከተማ ብዙ ሳይርቁ፣ የሁለት ቀን ሙከራ ያድርጉ። በየሰዓቱ የለኩትን ስኳር ይመዝግቡ። በጉዞው ላይ የሚመራዎት ይህ መዝገብ ነው።

የመድኃኒት ቦርሳ ለሰባት ቀን

መሠረታዊው መመሪያ እጥፍ መያዝና በሁለት ቦታ መክፈል ነው። አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ ሌላው ጓደኛዎ ዘንድ ይሁን። ብስክሌት ቢወድቅ ወይም ቦርሳ ቢጠፋ ጉዞው ወደ አደጋ አይለወጥም።

• ኢንሱሊን፦ ባለ 10 ሚሊ ሊትር፣ 100 ዩኒት የሚባለው ጠርሙስ በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 40 ዩኒት ለሚወስድ ሰው የሰባት ቀኑ ፍላጎት 280 ዩኒት ነው። አንዱ ጠርሙስ ቢበቃም ሊሰበር ስለሚችል ከየዓይነቱ ሁለት ይያዙ።
• ከኢንሱሊኑ ጋር የሚስማሙ መርፌዎች፣ እንዲሁም ያገለገሉትን መክተቻ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ።
• ሁለት የስኳር መለኪያ፣ ትርፍ ባትሪና የመለኪያ ወረቀት። በቀን ስምንት ጊዜ ቢለኩ ለሰባት ቀን 56 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 50 የሚይዙ ሁለት ዕቃዎች ይያዙ።
• የኪቶን መመርመሪያ፣ ከተገኘም የግሉካጎን መርፌ።
• ቶሎ የሚሠራ ስኳር፦ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር፣ ማር ወይም የግሉኮስ ዱቄት።
• የሐኪም ማዘዣ፣ እንዲሁም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወስዳለሁ» የሚል ካርድ።

ለዚህ ሁሉ ቦታ የሚገኘው ሌላው ሲቀንስ ነው። ሁለት ቅያሪ ልብስ ይበቃል፤ አንዱን ለብሰው ሌላውን ያጥባሉ። የሚሞቅ ሹራብና የዝናብ ልብስ ግን ለሳነቴ ብርድ ግድ ነው። ጂንስ ሱሪ፣ ተጨማሪ ጫማ፣ ከባድ ብርድ ልብስና ብረት ድስት ይቅሩ። የጎማ መንፊያና መጠገኛን ከጓደኛዎ ጋር ይጋሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን በየመንደሩ ይሙሉ፤ የሚጠጡትንም ያፍሉ ወይም በውሃ ማከሚያ ያክሙ።

ኢንሱሊን ከብርድና ከሙቀት እንዴት ይጠበቃል?

ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይጠቅምም፤ ይጣላል። ስለዚህ አምባው ላይ ሲሆኑ ብስክሌቱ ላይ አይተዉት። ቀን ከውስጥ ልብስዎ ሥር፣ ሌሊት ከመኝታዎ ውስጥ ያድርጉት። መለኪያውም በብርድ ሊሳሳት ወይም አልሠራም ሊል ስለሚችል አብሮ ይሙቅ።

ቆላ ሲወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። ኢንሱሊኑን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ያድርጉት። ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። ፀሐይ የሚመታው ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት። ንጹሕ የነበረው ኢንሱሊን ከደፈረሰ ወይም ያለ ምክንያት ስኳርዎ ከፍ ካለ ሌላውን ጠርሙስ ይክፈቱ።

በመንገድ ላይ

• ከመነሳትዎ በፊት ይለኩ። ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ሳይበሉ አይነሱ። ከ250 በላይ ሆኖ ኪቶን ከታየ አይንዱ፤ ሐኪሙ በሰጠዎት መመሪያ ያርሙ።
• ብስክሌት የሚነዳው እግር ስለሆነ በጭን የተወጋ ኢንሱሊን ቶሎ ሊሰራጭ ይችላል። ሆድ ላይ መውጋት ይሻላል።
• በየሰዓቱ ጥቂት ይብሉ፤ ሙዝ፣ ቴምር፣ ዳቦ ወይም በሶ ጥሩ ነው። ጭኮ ለጉልበት ቢጠቅምም ቅቤው ስኳሩን ስለሚያዘገየው ለወረደ ስኳር መድኃኒት አይሆንም።
• ከ70 በታች ከወረደ ወዲያውኑ ይቁሙ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ካልተስተካከለ ይድገሙት።
• የቀኑ ድካም ስኳርን ሌሊትም ያወርዳል። ሲተኙ ይለኩ፤ ሌሊትም አንዴ ተነስተው ይለኩ።
• ማታ ማታ እግርዎን በጣቶችዎ መካከል ሳይቀር ይመልከቱ።

ከፍታው ነው ወይስ ስኳሩ?

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ማዞር ሊመጣ ይችላል። ስኳር ሲወርድም ብዙዎቹ ምልክቶች ይታያሉ። ስለዚህ ምልክት በተሰማዎት ቁጥር አይገምቱ፤ ይለኩ። መለኪያውን ካላመኑት ስኳር ይውሰዱ፤ ትንሽ ከፍ ማለቱ ከመውረዱ ይሻላል። ሳነቴን ከመሻገርዎ በፊት ጎባ ላይ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ አምባው ላይም ሳያድሩ ወደ ሪራ ይውረዱ። አቅም ካነሰ መኪና መሳፈር ነውር የለውም። ከፍታ ላይ ግራ መጋባት፣ መንገዳገድ ወይም በዕረፍት ጊዜ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ሕክምና መፈለግ ያስፈልጋል።

ጓደኛና ቤተሰብ ማወቅ ያለባቸው

ብቻዎን አይጓዙ። አብሮዎት የሚጓዘው ሰው ስኳር መለካትና ግሉካጎን መውጋት ይለማመድ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ወይም የተምታታ ንግግር ሲያይ «ደህና ነኝ» ቢሉትም ብስክሌቱን ያስቁምዎት። ራስዎን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጎን አስተኝቶ፣ ግሉካጎን ካለ ወግቶ፣ በቶሎ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ቤተሰብ ደግሞ በየቀኑ የት እንደሚያድሩ የሚገልጽ ወረቀት ይኑረው። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ፣ ስልክ ሳይደወል እስከ ስንት ሰዓት ቢቆይ ለማን እንደሚነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

የሚከተሉት ካጋጠሙ ጉዞው ይቋረጥና በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• ማስታወክ ከከፍተኛ ስኳር ወይም ከኪቶን ጋር። ምግብ ባይወርድልዎም ኢንሱሊን አያቋርጡ።
• ትኩሳት፦ በተለይ ከቆላ በኋላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ ያድርጉ። ኩዊኒን ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ኢንሱሊን እንደሚወስዱ ለባለሙያው ይንገሩ።
• የሚያብጥ፣ የሚቀላ ወይም የሚመግል የእግር ቁስል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ነው። የእርስዎን የኢንሱሊን መጠን የሚወስነው ሁኔታዎን የሚያውቀው ሐኪምዎ ነው።