ጠበሉም መድኃኒቱም፦ ስለ ስኪዞፍሬኒያ ሕመም ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋዎች ስለ ልማትና ተራድኦ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ምንጭ ማጎልበት፣ እርከን መሥራትና ችግኝ መትከል ነው። በዚህ ዕትም ግን በየአጥቢያው እያለ በሰበካ ጉባኤ አጀንዳ ላይ እምብዛም ስለማይቀርብ ሕመም እንነጋገራለን። ሐኪሞች ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል፤ ሕዝቡ እንደየሁኔታው እብደት፣ ልክፍት ወይም የመንፈስ ነገር ይለዋል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአፍላ ወጣትነት ነው። እስከ ትናንት ዳዊት ይደግም የነበረ የአብነት ተማሪ ቀስ በቀስ ከጓደኞቹ ይለያል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ለድምፁም ይመልስለታል። ጎረቤቱ ሊመርዘው እንደሚያደባ፣ አሳቡን ሰው ሁሉ እንደሚያነብበት በጽኑ ያምናል፤ ይህንንም እምነት ምክርም ማስረጃም አይነቀንቀውም። ንግግሩ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ይህ ሲበርድ ሌላው ገጽታ ይመጣል፦ ዝምታ፣ ገላንና ልብስን መርሳት፣ ለሥራም ለጨዋታም አለመነሣት። ይህ ሁለተኛው ገጽታ ስንፍና እየተባለ በሽተኛውን ለዘለፋ ያጋልጠዋል። በእኛ ግምት ቤተሰብን ይበልጥ የሚያደክመው ከጩኸቱ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው።

ስሙን ያወጣው የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1908 ነው። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ «የአእምሮ መከፈል» የሚል ትርጉም ስላለው፣ አንድ ሰው ሁለት ሰው የሚሆንበት ሕመም የሚመስላቸው አሉ። እንዲህ አይደለም፤ የተከፈለው አሳብ ከስሜትና ከእውነታ ጋር ያለው ትስስር ነው። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ ቅመም ሥርዓት ይዛባል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም አለ፤ ወላጁ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ነው፤ ቢሆንም ከእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኞች ናቸው። የእናት አስተዳደግ ግን መንስኤ አይደለም። ይህን ለእናቲቱ በግልጽ መንገር ከንስሐ አባት የሚጠበቅ ታላቅ ምሕረት ነው።

ለየት ያለ ምርመራ የሚሹ ተመሳሳይ ሁኔታዎችም አሉ። ወደ ቆላ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ይዞት ቢለፈልፍ፣ ወባው አንጎሉን ነክቶት ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ተስቦና ግርሻም እንዲሁ ያቃዣሉ። አራስ ሴት በወለደች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ አጥታ እንግዳ ነገር ብትናገር፣ ለእርስዋም ለሕፃኑም አደጋ ስላለው ማደር የለበትም። ስሜት ከልክ በላይ የሚንርበትና የሚወድቅበት ባይፖላር የተባለው ሕመምም ሐኪም የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ስለ አብሾ አንድ ቃል እንጨምር፦ ትምህርት ይገልጣል እየተባለ ለተማሪ የሚሰጠው፣ አስተናግርን የመሰለ መርዛማ ዕፅ የሚገባበት መጠጥ ራሱ ያቃዣል፤ ያሳብዳልም። የአብነት መምህራን ይህን ልማድ ከጉባኤያቸው እንዲያርቁ እንለምናለን።

በአገራችን ስለዚህ ሕመም ጥልቅ እውቀት የተገኘው በቡታጅራ ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው፣ ከየ1,000ው ሰው 5 ያህሉ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው አገኙ። በዚያን ጊዜ ከእነዚያ ሕሙማን መድኃኒት ያገኙት ከ10 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ከቤተሰቦቻቸውም ከ10 ሰው 7 የሚበልጡት መገለል ይደርስብናል ብለዋል። ሕሙማኑን ለ10 ዓመታት ሲከታተሉም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ ታየ። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደላቸው እብደቱ ሳይሆን ተላላፊ በሽታ ነበር። ይህ ለኛ ትርጉም አለው፤ ሕመምተኛው በብርድ፣ በረኃብና በቸልተኝነት ይሞታልና ቅድሚያ የሚሻው እንደ ሌላው ሰው በሳል ሲታመም እንደ ሌላው ሰው ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ከ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በዓለም ላይ ይሠራበታል። ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶንም አሉ፤ ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚከብደው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ገደማ የሚሰጥ መርፌ አለ። መድኃኒቱ ድምፁን ያስታግሣል እንጂ በአንድ ሳምንት ጨርሶ አይፈውስም፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥም አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን መልሶ ያመጣዋል። ጎንዮሽ ጉዳትም አለው፤ ሰውነትን ሊያስተሳስር፣ እጅን ሊያንቀጠቅጥ፣ እንቅልፍ ሊያበዛ ይችላል። አንዳንዱን ሕሙም በድንገት ሲነሣ ያዞረዋልና በቅዳሴ ጊዜ ቢቀመጥ አይነቀፍ። ይህ ሁሉ ለሐኪም ሲነገር መጠኑ ይስተካከላል፤ መድኃኒቱን ለመጣል ግን ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከዞናችን ብዙ ሕሙማን ወደ ጻድቃኔ ማርያም፣ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ እና በየአጥቢያው ወዳሉ ጠበሎች ይሄዳሉ። ይህን ማንም አይከለክልም፤ እኛም አንከለክልም። ችግሩ የሚመጣው ሰው ወደ ጠበል ሲገባ መድኃኒቱን ጥሎ ሲገባ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በኤች አይ ቪ ጊዜ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። በእንጦጦ ማርያም ደግሞ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች ከጠበሉ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው፣ ሕሙማን ጠበላቸውን ሳይተዉ ሕክምና እንዲያገኙ አድርገዋል። የመንፈስን ነገር መለየት የካህኑ ነው፤ የአካልን ሕመም ማወቅ የሐኪሙ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ስለሚገናኙ መነጋገር አለባቸው።

ጾምም እንዲሁ ነው። ቀኖናችን ለሕሙማን ፈቃድ ይሰጣል። መድኃኒት ለመዋጥ ጠዋት ቁርስ የሚያስፈልገው ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ቢበላ ኃጢአት እንደማይሆንበት ካህኑ ራሱ ካልነገረው አብዛኛው ሰው አይቀበልም፤ በዐቢይ ጾም መድኃኒት እየተቋረጠ ሕመም የሚያገረሽባቸው ብዙዎች ናቸውና።

ስለ ሰንሰለት ዝም ማለት አይቻልም። ልጃቸውን የሚያስሩ ወላጆች ጨካኞች ሳይሆኑ አማራጭ ያጡ ናቸው። ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ ሌላውን አይጎዱም፤ ይልቁን እነርሱ ይደበደባሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ቤተሰቡን ከመውቀስ ይልቅ ወደ ጤና ተቋም የሚወስደውን መንገድ ያሳጥርለት። በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ሆስፒታሎች አሉ፤ ለግሼ ራቤል ሰው ግን የትራንስፖርቱ ወጪና የማደሪያው ነገር ከመድኃኒቱ ይከብዳል። ከሰንበቴና ከጽዋ ማኅበር የሚዋጣ ትንሽ ገንዘብ ለአንድ ሕሙምና ለአስታማሚው የጉዞ ወጪ ሊበቃ ይችላል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ክፍያ የተሳነው ቤተሰብ ካለ ለቀበሌው መጠቆም፣ ወይም ክፍያውን መሸፈን ይቻላል። በክረምትም ሆነ በሌላ ምክንያት መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሕሙሙ ቢያንስ የሁለት ወር መድኃኒት እንዲሰጠው አስታማሚው ሐኪሙን ይጠይቅ።

የመርፌ ቀጠሮ እንዳይረሳ በወርኃዊ በዓል ማሰብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ‹የሚካኤል ለት› ከተባለ ማንም አይረሳም። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ መርፌው ብዙ ጊዜ በየ28 ቀኑ የሚሰጥ ሲሆን ወራችን 30 ቀን ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በየወሩ በ2 ቀን ወደ ፊት ስለሚመጣ፣ የሚካኤል ለት የጀመረ ሰው በሚቀጥለው ወር በ10ኛው ቀን መድረስ አለበት፤ የበዓሉን ቀን ለመጠበቅ የሚሻ ቤተሰብ አስቀድሞ ባለሙያውን ያማክር።