ከዘበኛው በር እስከ ክፍል

ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ወረኢሉ፣ በማለዳ አፍና አፍንጫን መሸፈን አዲስ ነገር አይደለም። ብርዱ ሲያይል እረኛውም ገበያተኛውም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ከኮሮና ጋር የመጣው ማስክ ግን በተለይ ለጎረምሶቹ እንደ ጋቢው አልቀለላቸውም።

በሽታው በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ ተማሪው በፈረቃ ተከፋፍሎና ማስክ አድርጎ እንዲገባ ታዘዘ። በዚያው መኸር የወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 መጣሱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ እንደሚችልም ተነገረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚያን ጊዜ ተማሪ ያስታውሰዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ማስኩ ከኪስ ይወጣል፤ ዘበኛውን ሲያልፉ ወደ አገጭ ይወርዳል።

ይህን «አለማወቅ ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ስለ ቫይረሱ ሬዲዮውም መምህሩም ሲናገሩ ከርመዋል፤ ተማሪው መተላለፊያ መንገዱን በቃሉ ይወጣው ነበር። ችግሩ የነበረው ማን እያየው ነው በሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክልል ከፍለው የኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው። ቢጫ መብራት ሲበራ ማቆም ወይም ለተጨማሪ ነጥብ ግጭትን ደፍሮ መቀጠል የተጫዋቹ ምርጫ ነው። ጓደኞቻቸው ከአጠገብ ሆነው ሲያዩአቸው ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ድፍረታቸው በጣም ጨመረ፤ ከ24 ዓመት በላይ ያሉት ግን ያው ናቸው።

በጉርምስና ዘመን ደስታንና ሙገሳን የሚያሳድደው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል። ልጓም የሚይዘው፣ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ግን ብስለቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት አልፎ ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቫይረሱ ሩቅ ነው፤ «ፈራህ እንዴ?» የሚለው የጓደኛው ቃል ግን እዚሁ ጆሮው ሥር አለ። ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሰላምታ በሚለዋወጥ፣ ከአንድ ትሪ በሚበላ አገር ደግሞ ጓደኛ ፊት ማስክ ማድረግ «ጠርጥሬሃለሁ» ማለት ሊመስል ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ከገጠር የሚመጡትን የሚመለከት ነው። በወረዳ ከተሞች ብዙ ተማሪዎች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው፣ ከቤት ባመጡት ስንቅ ይማራሉ። ሌሊት ጎን ለጎን የተኙ ልጆች ያን ጊዜ ጠዋት በር ላይ ማስክ ሲጠየቁ ትእዛዙ ትርጉም ቢያጣባቸው አይፈረድም ነበር። በደንብ ያልተነገራቸው ግን ማስክ በዋናነት ከአድራጊው አፍ የሚወጣውን ጠብታ የሚይዝ መሆኑ ነው። ክፍሉን የሚጋሩትን ላያድን ይችላል፤ በሌላ ክፍል የሚያድረውን፣ ትምህርት ቤት ጎኑ የሚቀመጠውን ተማሪ ግን ሊያድን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በባንግላዴሽ 600 መንደሮች፣ ከ340,000 በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ሰፊ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የስልክ መልእክት የጨመረው ነገር የለም፤ ለመንደሩ የተገባው ሽልማትም እንዲሁ። ለውጥ ያመጡት ማስክን በየቤቱ በነፃ ማደል፣ የታወቁ ሰዎች አርአያ መሆንና በገበያና በመስጊድ ፊት ለፊት ማስታወስ ናቸው። የሚያደርገው ሰው ከ13 በመቶ ወደ 42 በመቶ ከፍ አለ። የሐኪም ቤቱ ዓይነት ማስክ በታደለባቸው መንደሮች ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ምልክት ያሳየው በሽታ በ35 በመቶ ቀነሰ።

ሙከራው የአዋቂዎች ቢሆንም ለትምህርት ቤቶቻችን የሚነግረን አለ። ማስክ ዳግም ቢያስፈልግ፣ ማስታወሱን ከዘበኛው ተረክበው ለሚኒ ሚዲያው ልጆች፣ ለእግር ኳስ ቡድኑ አምበል፣ ለአንድ ለአምስቱ መሪ ቢሰጡት የሚያየው ዓይን ራሱ ይለወጣል። የሚነገረውም ምክንያት ከቅጣቱ ይልቅ ስንቁ ይሁን። ዓርብ ከሰዓት ተማሪው ባዶ አገልግሉን ይዞ ወደ ገጠር ሲሄድ፣ ድርቆሹን አዘጋጅታ የምትጠብቀው አያቱ ናት፤ ቫይረሱ ደግሞ ከእሱ ይልቅ በእሷ ዕድሜ ላይ ይበረታል።