በስምንት ብሎን ወደ ውድድር

ሐሙስ ዕለት ነው የወደቀው። ስፔናዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ሆርሄ ሎሬንዞ እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ኔዘርላንድስ፣ አሰን ውስጥ ሲለማመድ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት አንሸራተተውና በግራ ትከሻው መሬት መታ። ማታውኑ በአውሮፕላን ባርሴሎና ደረሰ፤ ሌሊቱን ሐኪሞች ስብራቱን ገጥመው በታይታኒየም ብረትና በ8 ብሎን አሰሩለት። አርብ ተመለሰ። ቅዳሜ ሞተሩ ላይ ወጥቶ ተወዳደረና አምስተኛ ወጣ!

የተሰበረው ሐኪሞች ክላቪክል የሚሉት አጥንት ነው። ጣትዎን ከጉሮሮዎ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ወደ ትከሻዎ ጫፍ ቢያስኬዱ ከቆዳው ሥር ያገኙታል። ክንድን ከደረት ጋር የሚያገናኘው አጥንት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው በትከሻው ሲወድቅ ጫናው እሱ ላይ ያርፋል። ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ጠንቅቀው ያውቁታል።

ስብራት ሁሉ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ጫፎቹ ብዙ ካልተራራቁ ክንድን አንገት ላይ በጨርቅ አንጠልጥሎ ለጥቂት ሳምንታት መታገስ ይበቃል። አጥንቱ ተሰባብሮ ሲደራረብ ወይም ሹል ጫፉ ቆዳ ሊበሳ ሲደርስ ግን ሐኪሙ ከፍቶ ስብርባሪውን ይገጥማል፤ የአጥንቱን ቅርጽ የተከተለ ቀጭን ብረት ያስተኛበታል፤ ከዚያ እየበሳ በብሎን ያጠብቃል። የአናጢ ሥራ ይመስላል። ልዩነቱ መሰርሰሪያው ትንሽ ካለፈ ከሥሩ የሚያገኘው ሳንባና ትልልቅ የደም ሥሮች መሆናቸው ነው።

ብረቱ ግን አጥንቱን ይዞ ያቆያል እንጂ አያድነውም። አጥንት እስኪገጥም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ሎሬንዞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀርመን ውስጥ ዳግም ወደቀ፤ ብረቱ ጎበጠ፤ ሐኪሞቹም እንደገና ከፈቱት።

የአገሩ ልጅ፣ ሞተረኛው ማርክ ማርኬዝ የከፈለው ዋጋ ይብሳል። በጁላይ 2020 ከትከሻው ዝቅ ብሎ የቀኝ ክንዱ አጥንት ተሰበረ፤ ብረት ገብቶለት በዚያው ሳምንት ሞተር ላይ ወጣ፤ አልቻለም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቤቱ መስኮት ሲከፍት ብረቱ ተሰበረ። የመስኮቱ ጥፋት አይደለም፦ ደጋግሞ የተጣመመ ሽቦ መጨረሻ ላይ በትንሽ ነገር ይበጠሳል። ብረቱ ተቀየረ፤ በዲሴምበር ደግሞ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ ተተከለለት፤ ኢንፌክሽንም ተገኘበት። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሲከፈት፣ ጠምሞ የገጠመው አጥንት ተቆርጦ 30 ዲግሪ ያህል ተዞረ።

በሴፕቴምበር 2025 ከስድስት ዓመት በኋላ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሳምንቱ ኢንዶኔዥያ ላይ ሌላ ተወዳዳሪ ገጨውና ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። መጀመሪያ ያለ ቀዶ ጥገና ተጠበቀ፤ አልረጋ ሲል ማድሪድ ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በቀሩት አራት ውድድሮች አልተሰለፈም።