ስሜን ተራሮች፦ ዋልያና ሰላም በስድስት አሥርታት

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የወጣ እንግዳን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚቀበለው ጭላዳ ነው። መንጋው ሳንቃበር አካባቢ ሜዳው ላይ ተበትኖ፣ ቁጭ እንዳለ በጣቶቹ ሣር እየነቀለ ይበላል። የወንዱ ጎፈር ጀርባውን ያለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይለያል። ሲመሽ ሁሉም ገደሉን ወርዶ ነብርና ጅብ በማይደርሱበት ቋጥኝ ላይ ያድራል። ዋልያን የሚሻ ግን ጉዞውን እስከ ጨነቅ ይቀጥላል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ይህ እንስሳ፣ የፓርኩን የስድስት አሥርታት ታሪክ ከማንም በላይ ይናገራል።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዋልያ በአደን ተመናምኖ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። በ1970 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜንም ከላሊበላ ጋር ከመካከላቸው ነበር። ክብሩ ግን ከጦርነት አላስጣለውም። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሆነ፤ የፓርኩ ሠራተኞች ወጡ፤ ካምፖቹም ወደሙ።

ሰላም ሲመለስ ሌላ ችግር ጎልቶ ወጣ። ግጦሹና እርሻው ወደ ዱሩ ዘልቆ ገብቶ ነበር፤ በፓርኩ መካከል የሚያልፍ መንገድም ተሠራ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በመመናመናቸው ዩኔስኮ በ1989 ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የማገገም ነበር። የፓርኩ ክልል ሰፋ፤ ግጦሹ ላይ ቁጥጥር ተጀመረ፤ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ አማራጭ መንገድም ታሰበ። የዋልያው ቁጥር በ2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከ800 በላይ ደረሰ። በ2009 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዚህ ዋጋ ከከፈሉት መካከል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ይገኛሉ፤ በ2008 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ከእርሻና ከከብት ወደ ከተማ ኑሮ መሻገር ቀላል አይደለም፤ የፓርኩ ስኬት ሲነሣ የእነርሱም ድርሻ አብሮ ሊነሣ ይገባል።

በዚሁ ዘመን ጎብኚ የአካባቢው እንጀራ ሆነ። ስካውት የሚባለው የፓርኩ ጠባቂ፣ አስጎብኚ፣ በቅሎ ነጂ፣ ምግብ አብሳይ፣ ድንኳን አከራይ፣ ሁሉም ከእንግዳው ጋር ተያይዞ ያድር ጀመር። ዋልያው በሕይወት መኖሩ ለገበሬው ልጅ ገቢ ሲያስገኝ፣ ጥበቃው የመንግሥት ሥራ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

የዛሬው ሁኔታ ያሳዝናል። በ2011 የተነሣው ሰደድ እሳት የጓሳውን ሣርና የአስታውን ዛፍ በላ፤ ለማጥፋት የውጭ ሀገር እርዳታ አስፈለገ። ከዚያ ኮቪድ የጎብኚውን እግር ቆረጠ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት አለ። እንግዳ ሲቀር የበቅሎ ነጂው ገቢ ይቋረጣል፤ ጥበቃው ሲላላ አዳኙ ይደፍራል። የቅርብ ዓመታት ቆጠራዎችም ዋልያ በእጅጉ ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ግልጽ ነው፦ ስሜንን የሚያድነው መዝገብ ላይ መስፈሩ ሳይሆን፣ ሰላምና ከዱሩ የሚጠቀም ሕዝብ ነው። ስለዚህ የሚዋጉ ወገኖች ሁሉ ፓርኩንና ጠባቂዎቹን ከውጊያው ሊያርቁ ይገባል። ጎብኚ የጠፋበት ዘመንም የስካውቱ ደመወዝ የሚቋረጥበት መሆን የለበትም። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ የውጭ እንግዳን ብቻ መጠበቅ ይብቃን። የብሔራዊ ቡድናችንን ስም ከዋልያ የወሰድን እኛ፣ ጨነቅ ድረስ ወጥተን ልናየው፣ ለሚጠብቁትም ሰዎች ገንዘባችንን ልናወጣ ይገባል።